በቡሬ የተደፈነው በር

በሁለት ሺህ አሥር ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ሲገባ፣ ከቡሬ ወደ ነቀምት በሚወጣው መንገድ ዳር አዲስ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ተመረቀ፤ ለኢንዱስትሪ ፓርኩ ሥራ ከወለጋ የመጡ ምእመናን ያሠሩት፣ አራት ማዕዘን፣ ጣሪያው እንደ ማረሻ የሾለ፣ መስኮቶቹ ጠባብና ረጃጅም የሆኑ ቤት ነበር። የከተማው ሰው ግን «አዳራሽ» አለው፤ ሰው ተንበርክኮ የሚጸልይበትን ቤት ከሠርግ ድንኳን መቁጠር ሃይማኖት መጠበቅ የሚመስላቸው ብዙዎች ነበሩና።

የግንበኞቹ አለቃ አቶ እጅጉ የተዋሕዶ ልጅ ነበሩ፤ የነፍስ አባታቸው ግድግዳውን ለእንጀራ እንዲያቆሙ ፈቅደው፣ ጸሎት ከተጀመረበት ቀን ወዲያ ደጁን እንዳይረግጡ ገዝተዋቸዋል። አንዲት ልጃቸው ያምሮት ግን የዚያው ጉባኤ ዘማሪት ነበረች።

«ካህን ብቻ የሚገባበት የቱ ነው?» ብለው ጠይቀዋት ነበር፣ ግንቡ ሲወጣ።

«አባዬ፣ እኛ ዘንድ ሁሉም ሁሉ ቦታ ይገባል።»

«ጓዳ የሌለው ቤት የእንግዳ ነው፤ ባለቤት አያድርበትም» አሉ፤ ከመሠዊያው ኋላ ለዕቃ የታሰበውን ክፍልም በሩን በድንጋይ ደፈኑት። መቅደስ መሥራታቸው ነበር፤ የጉባኤው ሽማግሌዎች ንድፉ ያዘዘው መስሏቸው ተዉት።

ከምረቃው በኋላ በመጣው ክረምት ያምሮት ታማ ሞተች። ከዚያ ወዲህ እሑድ መዝሙሩ ባለቀ ቁጥር፣ ጉባኤው አፉን ከዘጋ በኋላ፣ የመጨረሻው ስንኝ ከድፍኑ ግድግዳ ኋላ ይደገም ጀመር፤ አንዲት ሴት ቀስ ብላ ትለዋለች። አቶ እጅጉም በየእሑዱ ከአጥሩ ውጭ፣ በምሥራቅ በኩል፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው እርሷን ለመስማት ይቆሙ ነበር።

የጉባኤው አገልጋይ ቄስ እንድሪያስ ወደ አጥሩ መጡ።

«አባት፣ ግድግዳው ሊፈርስ ነው። ሕዝቡ ፈርቷል።»

«ቄስ እንዳልልዎት መስቀል አልያዙም፤ ልጄ እንዳልልዎት ሸብተዋል። ይስሙኝማ፤ መቃብሯ ዝም ያለ ነው። የምትናገረኝ እዚህ ብቻ ነች። ይተዉልኝ።»

«የገደል ማሚቶ እኮ ነው።»

«ማሚቶ ከሆነ ምን አስፈራችሁ?»

ቄሱ ወደ ውስጥ ተመለሱ፤ ሹም ስለተጠየቀ ብቻ ትእዛዙን አይሽርም። ግድግዳው ማክሰኞ ፈረሰ። ውስጡ ባዶ ነበር፤ ነገር ግን ከዓመት በላይ ተደፍኖ የኖረው ወለል አንዲት ብናኝ አልነበረበትም፤ አየሩም ሰው አሁን የተነሣበት መኝታ ያህል ይሞቅ ነበር። አፍራሾቹ መዶሻቸውን እዚያው ጥለው ወጡ።

በሚቀጥለው እሑድ መዝሙሩ አለቀ፤ ማንም አልተቀመጠም። የፈሯትን ድምፅ ይጠብቋት ነበር፤ አልመጣችም። ያን ጊዜ ከአጥሩ ውጭ የሽማግሌ ድምፅ፣ ዜማው የቅዳሴ፣ ቃሉ የእነርሱ ሆኖ፣ የቀረውን ስንኝ አነሣ።

ዛሬ በበሩ ራስ ያለው እብነ በረድ የምረቃውን ቀንና የለጋሾቹን ስም ይናገራል፤ ቤቱን የሚያስጎበኙትም ጓዳውን «የዕቃ ክፍል» ብለው ያልፉታል። ታሪክ ድንጋዩን ማን እንዳስመጣ ይመዘግባል፤ ድንጋዩ ሲፈርስ ማን ከማን እንደተለያየ አይጠይቅም። አቶ እጅጉ ያን እሑድ ስንኙን ሲጨርሱ፣ ከዚያ ሁሉ ጉባኤ አሜን ያላቸው አንድ ሰው አልነበረም፤ ይህም በየትኛውም ድንጋይ ላይ አልተጻፈም።