የጄሶው መልአክ ክስ

ፕሮፌሰር ጋስፓሬ ትሪጎና የተገኘው በካስተልራማ ቤተ ክርስቲያን የመንበር ደረጃ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ፣ ሞቶ ነው። ከላይ የወደቀው የጄሶ መልአክ ጀርባው ላይ ተሰባብሯል፤ አንዱ ክንፍ ብቻ ሳይሰበር ትከሻውን እንዳቀፈ ቀርቷል። የከተማው ሰው ምሳውን በልቶ ጋደም ባለበት ሰዓት የሆነ ነገር ነው። ያም ሆኖ «መልአኩ ሰው ገደለ» የሚለው ወሬ ከአስከሬኑ ቀድሞ አደባባይ ደረሰ።

የካራቢኜሪው፣ የጣሊያን ፖሊሱ፣ አዛዥ ፕላቺዶ ስካልያ ተንበርክኮ ስብርባሪውን አየ፤ ከዚያ ሟቹን። ቁስሉ ማጅራቱ ላይ ነው፤ ትንሽ፣ ጥልቅ፣ አራት ማዕዘን። ኮቱ ጀርባ ላይ ከነጩ የጄሶ ዱቄት ሥር ጥቁር የወለል አቧራ አለ። በግንባሩ የተደፋ ሰው ጀርባው በወለል አቧራ የሚቆሽሸው መቼ ነው? ስካልያ መልስ ሲያጣ ይነጫነጫል፤ አሁንም ተነጫነጨና ሰዎቹን ወደ ዕቃ ቤቱ አስጠራ።

መጀመሪያ የገባው የሟቹ ረዳት፣ ከሰሜን አብሮት የመጣው መሐንዲስ ኤዶአርዶ ፌልትሪ ነበር።

«ተቀመጥ እንጂ።»

«ቆሜ ይሻለኛል።»

«አደጋውን እንዴት አየኸው?»

«ምን የሚታይ አለው? ስንት ኩንታል ጄሶ ራስዎ ላይ ቢወርድ እርስዎስ ይተርፋሉ? መምህሬ ዕድሜውን ሙሉ ጽፎታል። ባሮክ የሚሉት ይህ የጌጥ አሠራር በሽታ ነው፣ ድንጋይ ሳይሆን ድንጋይ ነኝ የሚል ውሸት ነው ብሏል። ይኸው በላው! ይፍረስ አይፍረስ የሚለው ኮሚሽን ነገ ሲመጣ ክርክር አያስፈልገውም። ይህን ሁሉ ዝባዝንኬ ልጠን ከሥሩ ያለውን ንጹሕ ጥንታዊ ግድግዳ እናወጣለን።»

«ፕሮፌሰሩ ሐሳባቸውን አልለወጡም?»

«እሱ? በጭራሽ!»

ስካልያ ሌላ ሳይጠይቅ በሩ ተበርግዶ ተከፈተና የቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂ፣ ሽማግሌው ካሎጄሮ ገባ። ሚስቱ ክሮቺፊሳ እጀጌውን ይዛ እየተጎተተች ነው።

«መልአኩን ተዉት! ሰውየውን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«ጋሽ ካሎጄሮ፣ ምን ነካዎት?»

«ቤቴን ሊያፈርስ መጣ፣ ገደልኩት። በቃ ጻፉት!»

«በምን?»

«በመቅረዝ።»

«የቱ ጋ?»

«ግንባሩን ነዋ!»

ስካልያ አንገቱን ደፋ። ግንባሩ ላይ አንድም ጭረት የለም። ግን ደጅ የቆመው ሕዝብ ሰምቷል፤ ዐቃቤ ሕጉም በመንገድ ላይ ነው፤ ለእሱ አመንኩ ማለት ነገር አለቀ ማለት ነው። ሽማግሌው በገዛ አፉ ራሱን አስሯል፤ እስር ቤት ከገባ ደግሞ ክረምቱን አይወጣም።

«ለምን እንደሆነ ልንገርህ» አለች ክሮቺፊሳ እንባዋ እየወረደ። «መልአኩ ሰው ገደለ ከተባለ ነገውኑ ሁሉንም ያወርዷቸዋላ! ከአባቱ የተረከባቸው ናቸው። እኛ ልጅ አልወለድን አዛዥ፣ በየዓመቱ ፊታቸውን የሚያብሰው የልጆቹን ያህል ነው። እኔን ሜዳ ላይ ጥሎ ለጄሶ ሊሞት! ምን አድርጌው ነው?»

ስካልያ በዚህ ሥራ ላይ ሸምግሏል፤ ሰው ላልሠራው ወንጀል እንዲህ ሲለምን ግን አላየም። ልቡ ደማ።

የሟቹን ልጅ ኦርሶላን ያገኛት አስከሬኑ አጠገብ ነው። ዓይኗ ደርቋል።

«አባትሽ ወለል ላይ ተኝተው ነበር?»

«ትናንትም ዛሬም። ከመንበሩ በላይ የተደበቀች መስኮት አለች፤ ከሰዓት በኋላ ብርሃኗ መላእክቱ ላይ ሲወርድ የሚበሩ ይመስላሉ። ትናንት በጀርባው ተንጋሎ አየና አለቀሰ። ‹ኦርሶላ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ቆሜ ነው ያየሁት› አለኝ። ነገ ለኮሚሽኑ ተሳስቼ ነበር፣ አትንኩት ሊል ነበር።»

«ይህን ሌላ ማን ያውቃል?»

«ለፌልትሪ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ ብሎ ነበር። ለምርመራው ከቆመው መሰላል ሥር ከሌላ መልአክ የወደቀ ክንፍ አንስቶም አስያዘኝ። ላባ ነው የሚመስለው። ‹አየሽ፣ ውስጡ ባዶ ነው› ብሎ ሳቀ።»

ስካልያ ብድግ አለና ሁሉንም ወደ መንበሩ ሰበሰባቸው። ካሎጄሮ፣ ክሮቺፊሳ፣ ኦርሶላ፣ ፌልትሪና የደብሩ ቄስ አባ ኦራትሲዮ ስብርባሪውን ከበው ቆሙ።

«አባ፣ በጦርነቱ ጊዜ የሆነውን ይንገሩን።»

ቄሱ ግራ ገባቸው። «የአግሪፒናን ነው? ከተማው ሁሉ የሚያወራውን? ቦምብ ሲወድቅ አንዱ መልአክ ስብከት መሃል ዳቦ ጋጋሪዋ አግሪፒና አናት ላይ ወደቀ። ተነስታ ዱቄቱን አራገፈችና ‹አባ፣ ይጨርሱልን እንጂ፣ ዳቦዬ አረረ!› አለችኝ።»

ፈገግ ያለ ግን አልነበረም። ስካልያ ጎንበስ ብሎ የመልአኩን ደረት በአንድ እጁ አነሳው። ከውስጡ ጭድና ሸምበቆ ረገፈ።

«ይህ ሰው አይገድልም። የካስተልራማ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እንግዲህ ገድሎ በመልአክ ለማላከክ ያሰበ ሰው የዚህ አገር ሰው አይደለም። እንግዶቹ ሁለት ናችሁ። ኦርሶላ ክንፉን ይዛ ቅለቱን ታውቃለች። ስንት ኩንታል ያልከኝ አንተ ነህ፣ ፌልትሪ።»

«መገመት ወንጀል ነው?»

«አይደለም። የመልአኩ አንገት ላይ ግን ገመድ የፋቀው አዲስ ጭረት አለ። ከታች ሆነህ ገመድ አስረህ ጎተትክ። ከባድ መስሎህ ባለ በሌለ ኃይልህ ስትጎትት እሱ እንደ ገለባ ተነቅሎ መጣ፤ አንተ ደረጃው ላይ በቂጥህ ወደቅክ። ለዚህ ነው ወንበር ስሰጥህ ያልተቀመጥከው። እስቲ አሁን ተቀመጥ።»

ፌልትሪ ወንበሩን አየ። አልተቀመጠም።

«ቁስሉ አራት ማዕዘን ነው። ከጄሶው ሥር የድሮ ድንጋይ የምትፈልግበት መዶሻ ፊት ልክ እንደዚያው ነው። መዶሻው ከመሰላሉ ሥር ይቀመጣል፤ ማንም ሊያነሳው ይችላል። ምክንያቱ ግን ያንተ ብቻ ነው። ለእነዚህ ሰዎች ጠላታቸው የነበረው ሰው ትናንት ወዳጃቸው ሆነ፤ የአንተን የዕድሜ ልክ ሥራ ግን ከንቱ አደረገ። ስለዚህ ተንጋሎ ከነበረበት ሲነሳ ከኋላው ማጅራቱን መትተህ ገደልከው፤ ከዚያ መልአኩን ከሰስክ።»

ፌልትሪ ፊቱ አመድ ሆነ።

«እሱ ነው ያስተማረኝ!» ብሎ ጮኸ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ይህን መጥላት ያስተማረኝ እሱ ነው! በእሱ ቃል፣ በፊርማዬ ብቻ ስንት መንበር አስፈርሻለሁ መሰላችሁ? ዛሬ ወለል ላይ ተንጋሎ ‹ና አጠገቤ ተኛና እይ› አለኝ። እየሳቀ! ያስፈረስኩትን ሁሉ ምን ላድርገው?»

ኦርሶላ እስከዚያ ያልመጣው እንባዋ ያን ጊዜ መጣ። ለፌልትሪ ካቴናው ገባለት።

«ታዲያ መልአኩ ነጻ ነው?» አለ ካሎጄሮ።

«ነጻ ነው፣ ጋሽ ካሎጄሮ። እርስዎም ነጻ ነዎት።»

«ነገ ለሚመጡት ሰዎች ይህንኑ ይነግሩልኛል?»

ስካልያ ዓይኑን ሰበረ። ኮሚሽኑ የሚያምነው የፕሮፌሰሩን መጽሐፍ ነው፤ መጽሐፉ ደግሞ በየቤተ መጻሕፍቱ አለ። ሟቹ ተንጋሎ ያለውን የሰሙት ሁለት ናቸው። የልጅን ምስክርነት ደግሞ ሐዘን ነው ብለው ያልፉታል። ወደ ፌልትሪ ዞረ።

«አንተን ይሰሙሃል፣ ያምኑሃልም። ሐሳቡን ለውጦ ነበር ብለህ አንዲት ቃል ጻፍላቸው። እባክህ።»

በዚያች ሰዓት ብርሃኑ ከተደበቀችው መስኮት ወርዶ የቀሩትን መላእክት ነካቸው። ፌልትሪ ቀና ብሎ አያቸው፤ ረጅም ጊዜ አያቸው።

«ይህን ከጻፍኩ፣» አለ፣ «ለምን ገደልኩት?»

ይዘውት ወጡ። ካሎጄሮ ኮቱን አውልቆ ወለሉ ላይ ዘረጋና የመልአኩን ጣቶች አንድ በአንድ መልቀም ጀመረ።