ጉድጓድ ውስጥ የተከፈተው የሥራ ቦታ

ይሄን ታሪክ ከሰው አልሰማሁትም። እኔው ላይ ነው የደረሰው። ማመን የማይፈልግ ሰው ይለፈው፤ የምለምነው ሰው የለኝም።

ማክሰኞ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል። ፀሐይዋ ፍንትው ብላ... እኔ ወጥ ቤት ቆሜ ሳህን አጥባለሁ።

መጀመሪያ ግን ለምን እንደተናደድኩ ልንገራችሁ።

ሥራዬ አሳንሰር ጥገና ነው። ከታናሽ ወንድሜ ጋር አንድ ትልቅ ሕንፃ ላይ ነበር የምንሠራው። ልጅ ሆኖ ወፍራም ስለነበር ድምቡሼ ነው የምንለው፤ አሁን እንጨት አክሏል፣ ስሙ ግን አልለቀቀውም።

በእኛ ሥራ አንድ ደንብ አለ። አንዱ አሳንሰሩ ሥር ያለው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ፣ ሌላው ኃይሉን ያጠፋል፣ የማብሪያውን ሳጥን ይቆልፋል፣ ቁልፉን ይዞ እዚያው ይቆማል። የገባው ሰው እስኪወጣ ድረስ ንቅንቅ የለም።

የቋሚው ሰው እኔ ነበርኩ። ኃላፊው አንድ ቀን ጠራኝና "ቆሞ ለሚውል ሰው ደሞዝ አንከፍልም" ብሎ አሰናበተኝ። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ፍለጋ ሆነ። ያገኘሁትን ማስታወቂያ ስልኬ ላይ አስቀምጣለሁ። አንድ የኤአይ ረዳት አለ፤ ያስቀመጥኩትን እያነበበ ከመቶ ነጥብ ይሰጠኛል።

አሥራ ሁለት። ዘጠኝ። አሥራ አምስት።

ይሄ ዕቃ እንኳን ናቀኝ እኮ ያሰኛል።

እና ያን ቀን ስልኩ ጮኸ። እጄን ጠራርጌ አየሁት።

ዘጠና ስምንት።

ማስታወቂያው የዚያው ሕንፃ ነው። "የአሳንሰር ጥገና ባለሙያ። ብዛት አንድ። ቦታው የሚለቀቀው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት።"

እዚያ የቀረው ባለሙያ አንድ ብቻ ነው። ድምቡሼ።

እሱንም ሊያባርሩት ነው ብዬ አንጀቴ እርር አለ። ግን... ይሄን ማስታወቂያ እኔ አላስቀመጥኩትም።

"ማነው ያስቀመጠው?" ብዬ ጻፍኩ።

"እርስዎ ነዎት።"

"ዘጠና ስምንት ለምን ሰጠኸው?"

"ሕንፃውን ያውቁታል። የሥራ ቱታው ልክዎ ነው። ግራ ጉልበቱ ላይ ያለው ቅዳጅ ይሰፋል። ሥራው የሚጀምረው ጉድጓዱ ከታጠበ በኋላ ነው።"

ከታጠበ... ከምኑ?

ደወልኩለት። ቶሎ አነሳው። ድምፁ ያስተጋባል።

"የት ነህ?"

"ጉድጓድ ውስጥ። ምነው እትዬ?"

"ማብሪያው ጋ ማን አለ?"

"ማን ይኖራል? ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ነው የገባሁት።"

"ቱታህ ተቀዷል?"



"...አሁን። ብረት ይዞት። ምን አሳወቀሽ?"

"የቱ ጋ?"

"ግራ ጉልበቴ..."

"ውጣ።"

"ትንሽ ናት የቀረችኝ፣ ልጨርስና..."

"ድምቡሼ፣ በእናታችን ይዤሃለሁ፣ ውጣ።"

እያጉረመረመ ሲወጣ ይሰማኛል። መሰላሉ ይንቋቋል። ያቃስታል። ከዚያ...

አንድ ከባድ ነገር ሲወርድ ሰማሁ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ቆምኩ። 

"እትዬ..." አለ በሹክሹክታ። "ወጥቻለሁ። ማነው ያበራው?"

በሩጫ ሄድኩ። ሳጥኑ እንደተቆለፈ ነው። ቁልፉ ድምቡሼ ኪስ ውስጥ ነው። ስንከፍተው ማብሪያው በርቷል።

ኃላፊው መጣ። "ሰው አልተጎዳ፣ ምን ያስጮህሻል?" አለኝ። አንቱ ስለው የኖርኩትን ሰውዬ የዚያን ቀን አንተ አልኩት። ያላልኩት ነገር የለም። ወንድሜን ሊያስበላብኝ ነበር፣ ለአንድ ሰው ደሞዝ ብሎ።

ማስታወቂያውን አሳየሁት። ፊቱ ተለዋወጠ። "እኛ ምንም ማስታወቂያ አላወጣንም" አለ።

ያን ቱታ እኔው ራሴ አስወልቄ አቃጠልኩት። ጎረቤት እስኪያስል ድረስ ነው የጨሰው።

ማስታወቂያው ግን ስልኬ ላይ አለ። ባጠፋው ይመለሳል። ቀኑ ብቻ ነው የሚቀየረው። "ነገ ዘጠኝ ሰዓት።" ሲነጋ ደግሞ "ነገ ዘጠኝ ሰዓት።"

ድምቡሼን ሥራውን ተው ብለው ምን በልተን እንደር ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ያ ደግሞ ይብስ ያናድደኛል። ስለዚህ በየቀኑ አብሬው እሄዳለሁ። ቁልፉን ይዤ ማብሪያው ጋ እቆማለሁ። ያባረሩኝን ሥራ በነፃ እየሠራሁላቸው ነው። ኃላፊው በአጠገቤ ሲያልፍ አንገቱን ይሰብራል።

ትናንት ድምቡሼ ሥራውን ጨርሶ ወጣ። ውሃ ሰጠሁት። ጎን ለጎን ቆመን የጉድጓዱን በር ልንዘጋ ስንል ስልኬ ጮኸ።

"ቦታው ተይዟል። የተቀጠረው ሰው ፎቶ ልኳል።"

ከፈትኩት።

ፎቶው ላይ ያለነው እኔና ድምቡሼ ነን። እኔ ቁልፍ ይዣለሁ፣ እሱ ውሃውን ይዟል። አሁን... እንደቆምን።

የተነሳው ከታች ነው። ከጉድጓዱ ውስጥ ወደ ላይ።

ፎቶው ጥግ ላይ ያነሳን ሰው ጉልበት ትንሽ ገብቷል። የሥራ ቱታ ለብሷል።

ግራ ጉልበቱ ላይ ያለው ቅዳጅ ተሰፍቷል።