የሙዲን መታወቂያ

ኢክላስ ኢስማኤልን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው፣ ከምትሠራበት ወርቅ ቤት ስትወጣ ዝናብ ይዟት ጊዮርጊስ አጠገብ ያለች ጠባብ ሱቁ ውስጥ ስትጠለል ነው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች የድሮ የወንጀል ፊልም ነው፤ ሁሉም በየሳጥኑ፣ ከነፖስተሩ፣ ከነመጽሔቱ።

«አሁን ይሄን ማን ያያል? ሁሉም ስልክ ላይ አለ አይደል?»

«ስልክሽ ሲሰበርስ?» አላት፣ ቀና ሳይል ዲስክ እየወለወለ።

አቤት ኩራት! ተናደደች። በማግስቱ ግን ዝናብ ሳይኖር ተመልሳ መጣች።

አራት ወር ሳይሞላ በፍቅሩ ክንፍ አለች። ማኪያቶ ሲጠጡ አንድ ነገር ብቻ ያበሳጨዋል። «አንድ ልጅ ቀዩን የብረት ሳጥን ተውሶ ቀረ። ዓመት አለፈው። ሌባ! እንደሱ ያለ ፊልም ሁለተኛ አላገኝም» ይላል። ትስቅበታለች።

እሷም ያልነገረችው ነበራት። ከዓመት በፊት ወንድሟን ሙዲንን ራስ መኮንን ድልድይ ሥር በጩቤ ወግተው ገደሉት። ገዳዮቹ አልተያዙም፤ ስልኩም መታወቂያውም ከኪሱ ጠፍቷል። ልናገር ብላ ትጀምርና ወሬ ትቀይራለች።

አንድ ቀን ኢስማኤል ሱቁን አደራ ብሏት ለዙሁር ሶላት ወጣ። መቀስ ፈልጋ መሳቢያውን ስትከፍት... ሙዲን አያት። መታወቂያው!

አንስታ ስሙን አነበበች። ከገዳዩ በቀር ይሄ ማን ጋ ይገኛል? ለታላቅ ወንድሟ ለሱፊያን ደወለች።

«ሙዲንን የገደለውን አግኝቼዋለሁ።»

እናንተዬ፣ ያለችው ይቺን ብቻ ነው! ሱፊያን ፌሮ ይዞ በሩጫ ደረሰ። ኢስማኤል ከሶላት ተመልሶ «ሰላም ነው?» ከማለቱ ብረቱ ትከሻው ላይ አረፈ። መደርደሪያው ተገነደሰ። ሁለተኛው ምት ግንባሩን ተረተረው፤ ደሙ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ኢክላስም በጥፊ አጮለችው።

«ወንድሜን ገድለህ ከእኔ ጋር ማኪያቶ ትጠጣለህ?!»

«የምን... ወንድም?»

መታወቂያውን ወረወረችበት። በደም መሃል አጮልቆ አየው።

«ይሄ እኮ... ቀዩን ሳጥን የወሰደው ልጅ ነው! መያዣ ነው፣ ኢኩ! አስይዞ ነው የተዋሰኝ!»

ኢክላስ አሁን ገባት። ድሮ ቪዲዮ ቤት ሁሉ መታወቂያ ሳይዝ አያከራይም ነበር፤ እሷ ለዚያ ዘመን አልደረሰችም፣ ኢስማኤል ደግሞ ልማዱን አልተወም። እና ቀይ የብረት ሳጥን... እናቷ ረይሀና የሙዲንን ፎቶ የምታስቀምጥበት! ሙዲን በሞተበት ሳምንት ይዞት የገባው ነው። የፊልም መሆኑን በምን ትወቅ?

«ሱፊያን፣ ተው! እሱ አይደለም!»

ሱፊያን የት ይሰማል! ፌሮውን ለሦስተኛ ጊዜ አነሳ። ዘላ ኢስማኤል ላይ ተደፋችበት፤ ብረቱ እጇ ላይ ወረደ። አጥንቷ ሲሰበር ሱፊያን ራሱ ሰማው። ፌሮውን ጥሎ ራሱን ይዞ ጮኸ።

ሆስፒታል ውስጥ ፖሊስ ሲጠይቀው ኢስማኤል «መደርደሪያ ወደቀብን» አለ።

ከአሥር ቀን በኋላ ኢክላስ አንድ እጇ በጄሶ ታስሮ፣ በደህናው ቀዩን ሳጥን አቅፋ መጣች። ግንባሩ ላይ አሥራ ሁለት ስፌት አለ። ቀና ብላ ማየት አቃታት።

«ይቅር በለኝ አልልህም። በምን አፌ? እንዲገድልህ እኮ ነው የጠራሁት።»

ኢስማኤል ሳጥኑን ከፈተ። ከላይ የሙዲን የልጅነት ፎቶዎች፤ ከሥር ፊልሙ፣ ሳይነካ። ኢስማኤል ያኔ በገዛ እጁ የጻፋት ወረቀትም አለች፦ «ሐሙስ ይመለሳል»።

«ሙዲን የሞተው ረቡዕ ነው» አለች ኢክላስ።

«ዓመት ሙሉ ሌባ ስለው...» ፎቶዎቹን አንድ በአንድ መልሶ ደረደራቸው። «አላህ ይዘንለት። እኔም ይቅርታ አለብኝ።»

የሙዲንን መታወቂያ ሰጣት፤ ሳጥኑንም መልሶ ገፋላት። «ለእናትሽ ይሁን።»

«ያለ መያዣማ አልወስድም» አለች እያለቀሰች። የራሷን መታወቂያ አውጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

«መቼ ትመልሺዋለሽ?»

«አልመልሰውም። መታወቂያውም አንተው ጋ ይቅር... እኔም።»

አባት ስለሌላቸው ኢክላስን የዳራት ሱፊያን ነው። ኒካው ሲታሰር የኢስማኤልን እጅ የጨበጠው፣ ያ ፌሮ የያዘ እጁ ነው። ኢስማኤል አጥብቆ ያዘለት።

በኋላ ጋብቻውን ሊያስመዘግቡ ሄዱ። መዝጋቢዋ የሙሽሪትን መታወቂያ ስትጠይቅ፣ ኢስማኤል ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጣት።