የቺኮሪው ክሽክሽ

ማናለብሽ ቅጠሉን ገለበጠችው። ትናንት አንድ በአንድ በጣቷ ጨፍልቃ የጨረሰችው ክሽክሽ ዛሬም እዚያው አለ፤ አረንጓዴ፣ ከጤፍ ፍሬ የማይበልጥ ነፍሳት፣ በቅጠሉ ጀርባ ተለጥፎ ጭማቂውን ይመጥጣል። የሚቀጥለውን ገለበጠች። እሱም ያው ነው።

«እኛ ስንተኛ እነሱ ሠርግ ደግሰው ነው የሚያድሩት» አለ አብሯት የአትክልት መደቡን የሚንከባከበው ወዳጆ።

አልሳቀችም። ጣቶቿ አረንጓዴ ሆነው ይሸታሉ፤ ወገቧም ደክሟል።

ዘሩን ከደብረ ብርሃን ያመጡት የትምህርት ቤቱ የግብርና ክበብ ኃላፊ መምህር ገብረ አማኑኤል ነበሩ። ቺኮሪ ይባላል፤ ቅጠሉ እንደ ሰላጣ ይበላል፣ ትንሽ ይመራል። ሰባተኛ ክፍሎች ሁለት ሁለት እየሆኑ አንድ አንድ መደብ ተካፈሉ። በግንቦት የወላጆች ቀን ላይ ከሁሉም ያማረው መደብ ቅጠል ተቆርጦ፣ በዘይትና በሎሚ ተለውሶ ለወላጆች ይቀርባል። የመደቡ ባለቤቶች ደግሞ መሐል ሜዳ ከተማ ወደሚደረገው የተማሪዎች ኤግዚቢሽን ይሄዳሉ። ወዳጆ ከመንደራቸው ከቀየት ወጥቶ አያውቅም፤ በሚወስዳቸው ሚኒባስ ውስጥ በየትኛው መስኮት በኩል እንደሚቀመጥ ከአሁኑ መርጧል።

ያልሞከሩት ነገር አልነበረም። አመድ ነሰነሱ፤ ነፋሱ ጠራርጎ ወሰደው። የሳሙና ውሃ ረጩ፤ ሁለት ቀን ጋብ አለና ብሶበት ተመለሰ። በማርያም ዕለት ወዳጆ «ዛሬስ ነፍስ አላጠፋም» ብሎ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆመ፤ እሷ ብቻዋን ስትጨፈልቅ ዋለች። የእነ ሐሴት መደብ ግን አጠገባቸው ሆኖ ምንም አልነካውም። ሐሴት ውሃ ልታጠጣ በመጣች ቁጥር ጎንበስ ብላ ታያለች፤ «እናንተ የተከላችሁት ክሽክሽ ነው እንዴ?» ትላቸዋለች።

ቤት ስትገባ ደግሞ የእናቷ የአማከለች ጥያቄ ይጠብቃታል። ስለ ትምህርቷ ሳይሆን ስለ ቅጠሉ ነው የምትጠይቃት። ውሃ አነሰው ወይ፣ ፀሐይ በዛበት ወይ፣ መምህሩ ምን አሉ። ለወላጆች ቀን ብላ ነጠላዋን አጥባ አስቀምጣለች። ማናለብሽ «ደህና ነው» እያለች መመለስ ሰለቻት።

በዚያ ሰሞን ሐሙስ ዕለት አባቷ ገሠሠ በጎቹን የቅማል መድኃኒት ረጨ። ማናለብሽ ቀንዳቸውን ይዛ ታግዘው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ቅማሉ ከጸጉራቸው እየረገፈ ሲወድቅ አየች። ቅማል የገደለ ነገር ክሽክሽን ምን ያቅተዋል? ከባልዲው ሥር የቀረውን በውሃ ፕላስቲክ ቀዳችና ዓርብ ጠዋት ማንም ሳይመጣ ትምህርት ቤት ደረሰች። ጭብጥ ሳር እየነከረች ቅጠሉን ሁሉ ረጨችው።

ሰኞ አንድም ክሽክሽ አልነበረም። ወዳጆ ቅጠሉን እየገለበጠ ማመን አቃተው። «አመዱ ነው በስተመጨረሻ የሠራው» አለ። ማናለብሽ ውሃ ልታመጣ ሄደች።

ዓርብ መምህር ገብረ አማኑኤል መደቦቹን አንድ በአንድ ዞረው አዩና እነሱ ጋ ቆሙ። ነገ ጠዋት ለወላጆች ቀን የሚቆረጠው የዚህ መደብ ቅጠል ነው አሉ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ወዳጆ እስክስታ ወረደ። እናቷ ወሬውን ስትሰማ ከሁሉም ቀድማ የምትቀምሰው እሷ እንደሆነች ለጎረቤት ሁሉ ተናገረች።

ወደ ማምሻው ላይ ጎረቤታቸው ጋሽ መርስዔ ኃዘን ለልጅ ልጁ ክርስትና ሙክት ሊገዛ መጣ። አባቷ ሙክቱን አልሸጥም አለ። መድኃኒት ከነካው ገና ስምንት ቀኑ ነው፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አይታረድም።

«የረጨኸው ጸጉሩን አይደል እንዴ? አጥቤ አርደዋለሁ» አለ ጋሽ መርስዔ ኃዘን።

«ውስጥ ገብቷል። ታጥቦ የሚለቅ ነገር አይደለም» አለ አባቷ። «የክርስትና እንግዳህን ልትፈጅ ነው?»

ማናለብሽ ደጃፉ ላይ እንደቆመች በጣቷ ቆጠረች። መደቡን ከረጨች ነገ ስምንት ቀን ይሆናል። እራቷን ሳትጨርስ ተነሣች። እናቷ ደስታው ነው መሰለኝ ብላ ሳቀች።

ቅዳሜ ጠዋት ወዳጆ መደቡ አጠገብ ሲጠብቃት ነበር፤ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል። የሆነውን ሁሉ ነገረችው። መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ።

«ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

ሰልችቷት ነበር። አመዱም፣ ሳሙናውም፣ የሐሴት አፍም ሰልችቷት ነበር። አሁን ስታስበው ይሄ ሁሉ ምክንያት አይሆንም።

ወዳጆ ግራ ቀኙን አየ። ቶሎ ብለው ነቅለው ቢጥሉት፣ ሌሊት አጥሩን አልፈው በጎች ገብተው በሉት ቢሉ ማንም አይጠይቅም። የእነ ሐሴት መደብ ይቆረጣል፤ እነሱም አይዋረዱም። «ማን ያውቃል ማኔ? ማንም አይጎዳም እኮ» አለ።

እውነቱን ነው፤ ከነቀሉት ማንም አይጎዳም። ማናለብሽ ጎንበስ ብላ የአንዱን ሥር ያዘች። መሬቱ ለስላሳ ነው፤ ብትስበው ይወጣል። ጥፋቱ ግን በሰው በጎች ላይ ሊላከክ ነው። ባለቤታቸውም ይወቀሳል።

ቀና ስትል በበሩ በኩል ነጭ ነጠላ አየች። እናቷ ከወላጆች ሁሉ ቀድማ መጥታለች። ከኋላዋ መምህር ገብረ አማኑኤል ቅርጫትና ቢላ ይዘው ይመጣሉ፤ አንድ ነገር ብለዋት ትስቃለች።

ወዳጆ በሹክሹክታ «ንቀይ!» አላት።

ማናለብሽ የያዘችውን ለቀቀችው። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ቆመች። መምህሩ ደርሰው ቢላውን ሲሰጧት ተቀበለችና ቅርጫቱ ውስጥ መልሳ አስቀመጠችው።

«ቲቸር፣ ከመቁረጣችን በፊት የምነግርዎት ነገር አለ» አለች። «ወዳጆ አያውቅም ነበር።»