ከሦስተኛው እልልታ በኋላ

ማኅሌት ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ እናቷ በምታምጥበት የጤና ጣቢያው ማዋለጃ ክፍል በር ላይ አፍጥጣለች። የደጋዋ ጎጆ ከተማ ብርድ እንኳን ጣት ጆሮም ያደነዝዛል።

የአማርኛ መምህሯ «‹ጮቤ መርገጥ› ምን ማለት ነው? መቼስ እንለዋለን? በዓይናችሁ ካያችሁት ምሳሌ ጽፋችሁ ነገ ታነባላችሁ» ብለዋል። ፍቺው አላስቸገራትም፤ ከደስታ ብዛት ራስን ስቶ መዝለል ነው። ምሳሌው ግን ጠፋባት። የገላገለቻት ጓደኛዋ ሳምሪ ናት። «አባቴ ስልክ ሲገዛልኝ ጮቤ ረገጥኩ በይ። ማን ያጣራል? አታካብጂ።» ማኅሌትም እንዳለቻት ጻፈች።

አባቷ ሥዩም ከጎኗ ተቀምጧል። የድንች ዘር ነጋዴ ነው፤ ሲስቅ ጥርሱን ያየ ሰው በከተማው አይገኝም። ሰፈሩ ሁሉ «የዘንድሮው ወንድ ነው» ሲለው ከርሟል። ሴት ብትሆንስ? ማኅሌት የፈራችው የአባቷን ፊት ማየት ነው። እሷ ስትወለድ ምን እንደመሰለ ማንም ነግሯት አያውቅም፤ ዛሬ የምታየው ፊት ያኔም የነበረው ፊት መሰላት።

በሩ ተከፈተ። «ሴት ናት። እናትየውም ደህና ናት» አለች አዋላጇ።

አክስቷ እንግዳወርቅና ጎረቤታቸው አዴ ወርቂቱ የገንፎውን ዕቃ አስቀምጠው እልል አሉ። ሦስት ጊዜ። ከዚያ ዝም።

«ምነው ቆማችሁ?» አለ አባቷ።

«ለሴት ሦስት አይደል? ሰባት ለወንድ ነው» አለች አክስቷ።

«ቀጥሉ።»

«ኧረ ሥዩም፣ ሰው ይስቅብናል።»

አባቷ ተነሳ። ወንድ ልጅ እልል ሲል ማኅሌት ሰምታ አታውቅም። ድምፁ ተሰነጠቀ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ግን አላቆመም። ጭቃ የጠገበው ቦቲው ከሲሚንቶው ተነሳ። ዘለለ፤ ደግሞ ዘለለ። አዴ ወርቂቱ «ያ ዋቃ» ብለው በኦሮምኛ ፈጣሪን ጠሩና እልልታውን ተቀበሉት። ወረፋ የያዙ ታካሚዎች ዞረው አዩ። ማኅሌት አፏን ከፍታ ቀረች። «ጮቤ ረገጠ» የሚለውን ቃል ስንቴ ብላዋለች፤ እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን ግን አታውቅም ነበር። ታቦት ሲወጣ የሚሰማት ስሜት ሰውነቷን ወረራት።

አባቷ እያለከለከ ተቀመጠ።

«አባዬ፣ ለእኔስ?»

«ለአንቺ በሦስት አቆሙ። ደስታው እዚህ ተናንቆኝ ነበር» ብሎ ጉሮሮውን ነካ። «ሰው ምን ይለኛል ብዬ ዋጥኩት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።»

ደስም አላት፣ ከፋትም።

«ለክፍል ልጻፈው?»

«የዛሬውን?»

«ያኔ የዋጥከውንም።»

አባቷ ቦቲውን አየ። የክፍሏ ልጆች ግማሾቹ የደንበኞቹ ልጆች ናቸው። «እንደወደድሽ» አለ በመጨረሻ።

ማኅሌት የስልኩን ታሪክ ሰረዘችው። ሳምሪ ታኮርፋለች፤ ነገ የሚስቅም አይጠፋም። ብርድ የያዘውን እስክሪብቶ በትንፋሿ አሞቀችና «እኔ የተወለድኩ ዕለት አባቴ» ብላ ጀመረች።