ከሣጥኑ ያልወጣው ቃል

«በይ እንጂ፣ ምን ይላል?» አለች አያቷ።

ሱለሚ ካርዱን በጣቶቿ ይዛ ደግማ አየችው። የአያቷን የኤውላሊያን ዓይን ሞራ ከጋረደው ወዲህ በየማለዳው ከተስፋ ቃል ሣጥኗ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ የተጻፈበት ካርድ መዝዛ እንድታነብላት የምትሰጠው ለእሷ ነው። ሣጥኗ የዳቦ ቅርጽ ያላት፣ ጠርዟ የተሸራረፈ ፕላስቲክ ናት፤ በመንደሩ የአማኝ ቤት ሆኖ እሷን የመሰለች ጠረጴዛው ላይ የሌለችበት የለም። ሌላው ሰው ካርዱን አንብቦ ወደ ቁርሱ ይሄዳል። ኤውላሊያ ግን ቃሉን ቀኑን ሙሉ ታኝከዋለች። በቆሎ ስትፈለፍል፣ ዶሮ ስታባርር፣ ከንፈሯ አያርፍም። እንዲያ ሳታደርግ ደግሞ ምንም ነገር አትወስንም። ጎረቤቶቿ «ኤውላሊያ ካላሰላሰለች ጨው እንኳ አትገዛም» እያሉ ይስቁባታል።

የዛሬው ውሳኔ ግን የጨው አይደለም። ከዋና ከተማው የመጡ የዓይን ሐኪሞች ከሐይቁ ማዶ ባለው ጤና ጣቢያ ሞራ የሚገፍፉት ዛሬ ብቻ ነው። ባለፈው ወር የመረመራት ነርስ ለሱለሚ አባት በግልጽ ነግሮታል፦ ይህ ዕድል ካመለጣት ቀኝ ዓይኗም እንደ ግራው ይጠፋል። አባቷ ለመነ፣ ተቆጣ፣ በመጨረሻም «እንግዲህ አንቺው ታውቂያለሽ» ብሎ የበቆሎ ቂጣውን፣ ቶርቲያውን ቋጥሮ ወደ ቡና ለቀማው ሄደ። የኤውላሊያ መልስ ያው አንድ ነበር። የዚያን ቀን ጠዋት ጌታ የሚላትን ሰምታ ትወስናለች፣ አለቀ።

ካርዱ ላይ የተጻፈው ደግሞ «በመመለስና በማረፍ ትድናላችሁ» የሚል ነው።

ጉድ ፈላ፣ አለች ሱለሚ በልቧ። ይህን ከሰማች እኮ ሻርፗን አውልቃ አልጋዋ ላይ ነው የምትቀመጠው። ከዚያ ወዲያ ፓስተሩም ቢመጣ፣ አባቷም ቢያለቅስ ማንም አያስነሳትም። ሐይቁን የምታሻግረው ጀልባ ደግሞ አትጠብቅም።

«‹ሂድና በሰሊሆም መጠመቂያ ታጠብ› ይላል» አለች። ድምጿ ለራሷም የሌላ ሰው መሰላት።

ኤውላሊያ ፊቷን ወደ እሷ አዞረች። ከዚያ እጇን ዘርግታ ካርዱን ተቀበለቻትና ደረቷ ውስጥ ሸጎጠችው። «ጫማዬን አቀብዪኝ» አለች።

ጀልባዋ ላይ እህት ዴልፊናን፣ የፓስተሩን ሚስት፣ አገኟት። እህት ዴልፊና መልካም ሴት ናት፤ ክፋቷ ሁሉን ነገር ማወቅ መፈለጓ ነው። ኤውላሊያ እንዴት ቆርጣ እንደወጣች ጠየቀቻት። ጠዋት ቃል ተነበበልኝ ብላ አያትየዋ የሰሊሆምን ስትነግራት እህት ዴልፊና ለተሳፋሪው ሁሉ አወራች፤ ዕውር የነበረው ሰውዬ ታጥቦ እንዴት እያየ እንደተመለሰም ተረከችላቸው። አንዳንዶቹ «አሜን» አሉ። ይህን ተአምር እሁድ ለጉባኤው ማሳየት አለብኝ አለችና ካርዱን ለመቀበል እጇን ዘረጋች።

ተበላሁ፣ አለች ሱለሚ በልቧ።

«ገና አኝኬ አልጨረስኩትም» አለች ኤውላሊያ፣ ደረቷን በመዳፏ ሸፍና። እህት ዴልፊና ቅር እያላት እጇን ሰበሰበች።

ጤና ጣቢያው በሰው ተሞልቷል። ተራ እስኪደርሳቸው ግድግዳው ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። አያቷ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። «ሂድ… ታጠብ…» ትላለች፣ ታቆማለች፣ ትጀምራለች። ሱለሚ የፈለሰፈችውን የጌታ ነው ብላ ስትደጋግመው መስማት ከምንም በላይ አሳፈራት። በንዴት ብትሰድባት ይሻላት ነበር።

ደግሞ ሌላ ጣጣ ታያት። የአያቷ ዓይን ሲበራ መጀመሪያ የምታነበው ይህንኑ ካርድ ነው። እርግጥ፣ አያቷ ስትገባ ልብሷን አስቀምጪ ይሏታል፤ ያኔ ካርዱን ሐይቅ ውስጥ መጣል ይቻላል። ጠፋ ማለት ነው፣ በቃ። ካፈርኩ አይመልሰኝ። ዓይን የሚያህል ነገር ከዳነ አንዲት ውሸት ምን ታደርጋለች? እንዲህ እያለች ራሷን ስታባብል ቆየች፤ ግን አያቷ «ሂድ… ታጠብ…» ባለች ቁጥር ያ ሁሉ ማባበያ ይፈርስባታል። ብትናገር ደግሞ የአያቷን ዓይን በገዛ እጇ ማጥፋቷ ነው። ማልቀስ አማራት።

በሩ ተከፍቶ ከፊታቸው የነበሩት ሽማግሌ ገቡ። ቀጣይዋ ኤውላሊያ ናት።

«እማማ» አለች ሱለሚ፣ ምላሷ እየተሳሰረ። «ካርዱ እንደዚያ አይልም።»

አያቷ ዞር አላለችም። «አውቃለሁ» አለች።

«ምን?»

«የኔ ልጅ፣ ሣጥኑ እኮ የተስፋ ቃል ሣጥን ነው። ‹ሂድና ታጠብ› ትእዛዝ ነው። አባትሽ ሳይወለድ ጀምሮ ከዚያ ውስጥ ስመዝዝ፣ ‹አደርግልሃለሁ› የሚል እንጂ ‹አድርግ› የሚል ወጥቶልኝ አያውቅም።»

ሱለሚ ፊቷ ጋለ። ሰሊሆምን ስትመርጥ ምን ያህል እንደተጠበበች ትዝ አላት። «ታዲያ ለምን መጣሽ?»

«አንቺን ስጠብቅ ነዋ» አለች ኤውላሊያ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሳትነግሪኝ ስሜ ቢጠራ ኖሮ ወደ ጀልባዋ ነበር የምመለሰው። በልጄ ውሸት ተመርቼ ቢላዋ ሥር አልተኛም። በይ አሁን የኔን ቃል ስጪኝ።»

ካርዱን ከደረቷ አውጥታ ሰጠቻት። በላብ ረጥቧል። አንዲት ነርስ በሩ ላይ ብቅ ብላ «ኤውላሊያ!» ብላ ተጣራች።

ሱለሚ ካርዱን አየች። «መመለስ» የሚለውን ብትዘልለው ማን ያውቅባታል? አያቷ ጆሮዋን አዘንብላ ትጠብቃለች። ነርሷ ደግማ ተጣራች፤ ከኋላቸው የተቀመጠች ሴትዮም ተራ የማትፈልጉ ከሆነ ልለፍ እያለች ማጉረምረም ጀመረች።

«በመመለስና በማረፍ ትድናላችሁ» ብላ አነበበች ሱለሚ፣ ቀስ ብላ፣ አንድም ቃል ሳታጎድል። «በጸጥታና በመታመን ኃይል ይሆንላችኋል።»

ኤውላሊያ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። መጀመሪያውን ደገመችው፣ ከዚያ መጨረሻውን፣ ከዚያ እንደገና መጀመሪያውን። ሱለሚ «እባክሽ ግቢ» ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። እጇንም ልትጎትታት አሰበች። ሁለቱንም ተወችውና እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

ኤውላሊያ አግዳሚውን ተደግፋ ተነሳች። ሻርፗን ከትከሻዋ ላይ አውርዳ አጠፈችና የልጅ ልጇ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

«ያዢልኝ» አለች። ከዚያ በመዳፏ ግድግዳውን እየዳበሰች፣ «በጸጥታና በመታመን» እያለች፣ የነርሷ ድምፅ ወደተሰማበት ሄደች።