ፍላሹ ላይ ያልነበሩት ሃያ ሦስት ክፍሎች

ኮምፒውተሩ ለሃያ ሦስተኛ ጊዜ «ፋይሉ አልተገኘም» አላት። ሚሊ «እሺ» የሚለውን ተጫነች። ስክሪኑ ላይ መታየት የነበረበት በእጅ የሚዞር የበቆሎ መፈልፈያ ነበር፤ የታየው ግን ነጭ ባዶ ሜዳና በጎኑ የተደረደሩ ሃያ ሦስት ቀይ የጥያቄ ምልክቶች ናቸው።

«ምነው ባዶ ሆነ?» አለ ቱርቦ ከኋላዋ ቆሞ።

«ዝም በል፣ ላስብበት።»

ሚሊ የሚለው ስም የወጣላት ማንኛውንም ነገር በሚሊሜትር ካልለካች እንቅልፍ ስለማይወስዳት ነው። ቱርቦ ደግሞ መጀመሪያ ተናግሮ በኋላ የሚያስብ ልጅ ነው። ሁለቱ የትምህርት ቤቱ ዲዛይን ክበብ አባላት ናቸው፤ ይህን መፈልፈያ ሲነድፉ ሁለት ወር ከርመዋል። ፋይሉ ሐሙስ ጠዋት ብረት ቆራጩ ወርክሾፕ ካልደረሰ ቅዳሜ ኤግዚቢሽኑ ላይ የሚታይ ነገር አይኖርም። ዛሬ ሰኞ ነው፣ የምሳ ሰዓት።

ፋይል ያዥነቱን ለሚሊ ማንም አልሰጣትም፤ ራሷ ነጠቀችው። ከእርሷ በፊት ፎልደሩ ውስጥ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ የመጨረሻ»፣ «ይሄ ነው የመጨረሻው» እና «ይሄን እንዳትነኩ» የሚባሉ ፋይሎች ነበሩ። ቱርቦ ደግሞ «ይሄን እንዳትነኩ» የሚለውን ነክቶ አበላሸው። ሚሊ ሁሉንም በቁጥርና በቀን አስተካከለች። በየሳምንቱ ዓርብ ሥራውን ወደ ፍላሿ ትገለብጣለች፣ ከዚያም ከፍላሹ ላይ ከፍታ ታረጋግጣለች። «ሳይከፍቱ ባክአፕ አለኝ ማለት ላም አለኝ በሰማይ ነው» ማለት ታዘወትር ስለነበር ቱርቦ ፍላሹን «ላሚቱ» ብሎ ሰየመው። ግድግዳው ላይ ደንብም ለጥፋለች፦ ፋይል ያጠፋ አባል ፋይል ያዥነቱንም፣ ኤግዚቢሽን ላይ የማስረዳቱንም ኃላፊነት ለሌላ ያስረክባል። ይህን ስትጽፍ ያሰበችው ቱርቦን ነበር።

አሁን ቀስ እያለ ገባት። ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ክፍል፣ እጀታውን ለብቻ፣ ከበሮውን ለብቻ፣ በየራሱ ፋይል ነው የሚያስቀምጠው። ዋናው የመገጣጠሚያ ፋይል ክፍሎቹን በውስጡ አይዝም፤ የት እንዳሉና እንዴት እንደሚጋጠሙ ብቻ ነው የሚያውቀው። እሷ በየሳምንቱ ስትገለብጥ የኖረችው ያን አንዱን ፋይል ነው። እዚሁ የትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ላብ ውስጥ ስትሞክረው ይከፈት የነበረው፣ ክፍሎቹን ድምፁን አጥፍቶ ከዚሁ ከላቡ ኮምፒውተር ላይ እየለቀመ ስለነበር ነው። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞክራው አታውቅም። ይህ ኮምፒውተር ደግሞ ባለፈው ቅዳሜ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ እንደ አዲስ ተጭኗል።

ያለ ማስጠንቀቂያ ቢሆን ኖሮ እንኳ ያባት ነበር። ዓርብ የላቡ ኃላፊ በሩ ላይ አግኝተዋት «ልጄ፣ ነገ ኮምፒውተሮቹን ከዜሮ ልጭናቸው ነው። ሥራችሁ ወጥቷል?» ብለዋት ነበር።

«ሁሉም ፍላሼ ላይ ነው ጋሼ፣ ያጥፉት።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«የያዝኩት እኮ እኔ ነኝ» አለቻቸው፤ እሳቸውም ሳቁ።

ጆሮዋ ድረስ አፈረች። ሳታስበው ግድግዳው ላይ ያለውን ደንብ አየች፤ የገዛ እጅ ጽሑፏ ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

በዚህ መሐል የክበቡ መምህርት ብቅ አሉ። «እንዴት ነው፣ ደረሰ?»

ሚሊ አፏን ሳትከፍት ቱርቦ ቀደማት። «ቲቸር፣ ጠፋ። ጋሼ ሳይነግሩን ኮምፒውተሩን አጥፍተውት።»

«ሳይነግሯችሁ?» መምህሯ ሚሊን አዩዋት። ሚሊ አቀርቅራ ኪቦርዱን ታያለች። ዝምታዋን ከሐዘን ቆጠሩት መሰል ድምፃቸው ለዘብ አለ። «የዘጠነኛ ክፍሎችም ባለፈው እንዲህ ብለው ነበር። ለእሳቸው ይህ ሁለተኛቸው ነው ማለት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ይጠየቁበታል። እናንተ አይዟችሁ» ብለው ወጡ።

በሩ እስኪዘጋ ጠብቃ ወደ ቱርቦ ዞረች። «ምንድነው ያደረግከው?»

«አዳንኩሽ ነዋ።»

«ማን አድነኝ አለህ?»

«አንቺ ከወረድሽ ቅዳሜ ማን ያስረዳል? እኔ? እኔ ሳወራ ሰው ትርጉም ይጠይቃል። እሳቸው ትልቅ ሰው ናቸው፣ ቢበዛ አንድ ደብዳቤ ነው። በቃ፣ ሆድ ይፍጀው።»

እውነቱን ለመናገር፣ ግማሽ ልቧ ቀለል ብሎታል፤ ይህም አሳፈራት። የልኬት ደብተሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው። «አንብብልኝ። ከከበሮው ጀምር።»

«እንደገና ልትሠሪው? ሃያ ሦስቱንም?»

«አንዱ ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እስከ ረቡዕ ያልቃል።»

ይህን ያለችው ለመፎከር አልነበረም፤ ታውቀዋለች። እጇ ማውሱ ላይ ሲያርፍ ፍርሃቱ ለቀቃት። ቱርቦ «የከበሮው ስፋት መቶ ሰማንያ» ሲል ክቡ ተስሏል፣ «የጥርሶቹ ርቀት» ብሎ ሳይጨርስ «ሠላሳ» ብላ ትቀድመዋለች። መጀመሪያ ሲነድፉት ሦስት ቀን የፈጀባቸው ከበሮ በሃያ ሁለት ደቂቃ ቆመ። እጀታውን ስትደግመው ደግሞ ያን ጊዜ ያላየችውን ስህተት አየችና ሁለት ሳንቲሜትር አስረዘመችው።

«ይሄኛው ከድሮው ይሻላል» አለ ቱርቦ።

«አውቃለሁ» አለች።

ሦስተኛውን ክፍል እንደጨረሰች የላቡ ኃላፊ ገቡ። ፕሪንተር ሲጠግኑ ቆይተው ጣቶቻቸው በቀለም ጠቁረዋል። ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡና ስክሪኑን አዩ።

«ጠፋ አሉ ልጄ?»

«አዎ ጋሼ።»

«መምህሯ ደረጃው ላይ አግኝተውኝ ነበር። ሳልጠይቃችሁ እንዳጠፋሁት ነገሩኝ።» መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ። «እኔ ዓርብ ዕለት የጠየቅኩሽ ይመስለኝ ነበር። ግን ምናልባት ሌላ ልጅ ይሆናል የጠየቅኩት። ዘንድሮ ብዙ ነገር ይጠፋኛል። ባለፈው ቁልፉን ኪሴ ውስጥ ይዤ ቤቱን ሙሉ ስፈልግ ዋልኩ። ባለቤቴም ሐኪም ጋ እንሂድ ትለኛለች፤ እኔ ነኝ እንቢ ያልኩ። ብቻ ይቅርታ፣ ሁለት ወር የደከማችሁበትን ነው ያጠፋሁት።»

ቱርቦ ደብተሩን ከፍቶ እንደያዘ ቀረ።

ሚሊ ይህን አልጠበቀችም። ቢቆጧት ትችለው ነበር፤ «ዋሽተሻል» ቢሏት እንኳ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላ ትከራከር ይሆናል። እሳቸው ግን እሷን ከመጠርጠር ይልቅ የራሳቸውን ጭንቅላት ጠረጠሩ። የሷን ዝምታ አምነው፣ ዓርብ ዕለት በገዛ ጆሯቸው የሰሙትን ሊጥሉት ነው። ይህን ይዘው ማታ ቤታቸው ገብተው ለባለቤታቸው ሲነግሩ ታያት።

«ጋሼ፣ አልረሱም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ዓርብ ጠይቀውኛል። እዚህ በር ላይ። ያጥፉት ያልኩዎት እኔ ነኝ። ፍላሹ ላይ ያለ መስሎኝ ነበር፣ አልነበረም። አገለባበጤ ስህተት ነው።»

መነጽራቸውን መጥረጉን ተዉት። «ጠይቄሻለሁ?»

«ሁለቴ። ሁለተኛው ላይ እርግጠኛ ነሽ ብለውኛል።»

«እርግጠኛ ነሽ ብዬሻለሁ» አሉ ቀስ ብለው፣ ቃሉን እየቀመሱ። «አንቺም የያዝኩት እኔ ነኝ አልሽኝ። ሳቅኩ።»

«አዎ፣ ሳቁ።»

የተናደዱ እንደሆነ ለማወቅ ፊታቸውን ሰርቃ አየች። አልተናደዱም። መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ሚሊ አለቀሰች ማለት ይከብዳል፤ ስክሪኑ ግን ለጥቂት ጊዜ ደበዘዘባት።

የግድግዳው ሰዓት ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ ይላል። ሦስቱን አዳዲስ ክፍሎች፣ የመገጣጠሚያውን ፋይል ጨምራ፣ ከነፎልደሩ ገለበጠች። ፍላሹን ነቅላ ቱርቦ እጅ ላይ አስቀመጠችለት።

«ቅዳሜ ቀስ ብለህ ትናገራለህ። ረቡዕ እንለማመዳለን።»

«ሚሊ፣ ግድ የለሽም፣ አስቢበት።»

«አስቤበታለሁ።»

ቱርቦ ፍላሹን አገላበጠው፤ ከዚያ ኪሱ ከተተውና ደብተሩን ዘጋ። «እንግዲያው እኔም እመጣለሁ። ውሸቱ የኔ ነው።»

«ና።»

ሦስቱም ወጡ። ደረጃው ላይ የላቡ ኃላፊ ወደ ኋላ ቀረት ሲሉ እስኪደርሱ ጠበቀቻቸው። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ የመምህሯ ድምፅ ይሰማል። ኃላፊው ሊያንኳኩ እጃቸውን ሲያነሱ ሚሊ «ይቆዩ ጋሼ» አለችና ቀድማቸው አንኳኳች።